በማን አምላክ ላቁመው?

«ልኬልሃለሁ እኮ! አልገባልህም እንዴ?»

ይህን ያለኝ ፒያሳ አብረን ምሳ የበላን ወዳጄ ነው። ሒሳቡን እኔ ዘጋሁ። እሱ ድርሻውን በስልክ ሊልክ ተስማማን። ቀናት አለፉ። ስጠይቀው መጀመሪያ በኔትወርኩ አመካኘ፣ ቀጥሎ በባንኩ። በመጨረሻ ወደ እኔ ዞረ፦ «እስቲ ስልክህን አጥፍተህ አብራው።» አበዳሪው እኔ፣ ስልክ ሳጠፋና ሳበራ የዋልኩትም እኔ!

ድሮ እንዲህ ያለ ቀልድ አልነበረም። ቁራኛ ነበራ! ባለዕዳው አልከፍል ካለ ከአበዳሪው ጋር በሰንሰለት ወይም በነጠላ ጫፍ ይቋጠራል። ነገሩ እልባት እስኪያገኝ አብረው ይውላሉ። በምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ ላይ እንዲህ ተቆራኝተው የሚሄዱ ሰዎች ነበሩ፤ ፈረንጆች ፎቶ አንስተዋቸዋል። «በምኒልክ አምላክ!» የተባለ ሰው ደግሞ እግሩን አያነሳም። ቀጥ ነው። ዛሬ ኦንላይን መሆኑን የደበቀን ሰው በማን አምላክ ታቆመዋለህ?

እርግጥ ቁራኛ ለአበዳሪም አይመችም። የእኔ ሰውዬ እስከ አራት ሰዓት ይተኛል። ሲነቃ ስለ አርሴናል ያወራል። ለአንድ ምሳ ብዬ ይህን ሁሉ?

ያኔ ሰው ብቻ ሳይሆን ብሩም ይመረመር ነበር። የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ በፈረንጅ 1780 ሞተች፤ መልኳ ያለበት የብር ጠገራ ግን ከዚያ በኋላም ስንት ዘመን ሲመታ ያው 1780 ተጽፎበት ነው። የእኛ ሰው ተቀብሎ ዝም ብሎ አይቋጥረውም። ያገላብጠዋል። የዘውዷንና የደረቷን ጌጥ ፈርጦች ያያል። ከተፋቀ «ሌላ አምጣ» ይላል። በ1898 ዓ.ም. በከተማችን ባንክ ተከፍቶ እንኳ ሰው ልቡ ከጠገራው አልወጣም። ዛሬ የካፌ ካሸር ስክሪንሾት ስታሳያት ግንባሯን ቋጥራ ታያለች። አልፈርድባትም። የሐሰት ደረሰኝ እያሳየ ውልቅ የሚል ስንት አለ!

የጠገራው ዝርዝር አሞሌ ጨው ነበር። ከአፋር በረሃ ተቆርጦ በግመልና በበቅሎ ይመጣል፤ ከምንጩ በራቀ ቁጥር ይወደዳል። ከተሰበረ ዋጋው ይወርዳል። ዝናብ ካገኘው ደግሞ ሀብትህ እያየኸው ይሟሟል። «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይጥሉሃል» የሚለውን ተረት የምወደው ለዚህ ነው። ቤተሰቡን በዚህ ተረት አሰልችቻለሁ። ምን ላድርግ? ገንዘብ ቁጭ ብሎ ሲመከር የሰማሁት እዚህ ላይ ብቻ ነው።

ዝርዝር ከተነሳ ዘንዳ የቆየ ቂሜን ላውጣ። በልጅነቴ የሰፈራችን ሱቅ በር ላይ «ዱቤ ዱብ ያደርጋል» የሚል ተለጥፏል። ከባንኮኒው ሥር ግን ጠርዙ የተበላ የዱቤ ደብተር አለ። እኔ «እማዬ ጻፍ ብላሃለች» እላለሁ። ባለሱቁ ከጆሮው ላይ እስክሪብቶ አውርዶ ይጽፋል። ጽሑፉን ከራሱ በቀር የሚያነበው የለም። ዋስ የለ፣ ፊርማ የለ። ደሞዝ ሲወጣ እማዬ ሄዳ ትዘጋለች።

እዚህ ድረስ ጥሩ ነው። ጣጣው መልሱ ላይ ነው። በጥሬ ብር ስንገዛ «ዝርዝር የለም» ይልና ከረሜላ ያስታቅፈኛል። አንድ ቀን ያንኑ ከረሜላ አጠራቅሜ ክብሪት ልገዛበት ሄድኩ። «ይሄ ልጅ ያሾፋል እንዴ!» ብሎ አባረረኝ። እሱ ሲሰጠኝ ገንዘብ፣ እኔ ስሰጠው ከረሜላ! በአሞሌ ዘመን እንኳ የሰጠህን ጨው መልሶ ይቀበልህ ነበር። እስከ ዛሬ አልወጣልኝም።

ደግሞ አልቀረም እኮ! ሰፈሬ ያለው ሱፐርማርኬት በመልስ ፋንታ ማስቲካ ይሰጣል። ማስቲካ አልጠየቅኩም። ማስቲካ አልወድም። የጥርስ ሐኪሜም ከልክሎኛል። ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ያለፈቃዴ ዕቃ መሸጥ ነው። «ስንት ሳንቲም ናት ብለህ ነው?» ይሉኛል። ስንትም ትሁን፣ የእኔ ናት!

የምሳውስ ብር? ትናንት ደወልኩለት። «ስብሰባ ላይ ነኝ» አለኝ በሹክሹክታ። ከኋላው የታክሲ ረዳት «አራት ኪሎ! አራት ኪሎ! የሞላ!» ይላል። የእሱን ነገር ሌላ ቀን እመለስበታለሁ፤ አሁን ሱፐርማርኬቱ ሳይዘጋ ልድረስ። ዳቦ ልገዛ ነው፣ በራሳቸው ማስቲካ። ካሸሯ ቀና ብላ ስታየኝ «ይቅርታ እህቴ፣ ዝርዝር የለኝም» እላታለሁ።