ዋጋው በውስጥ መስመር

አንድ የመንዝ በርኖስ ልግዛ ብዬ ደሜ ፈላ። ቴሌግራም ላይ የተለጠፈው ፎቶ ያምራል፤ ጥቁር፣ ወፍራም፣ ንጹሕ የበግ ፀጉር። ከሥሩ ግን ዋጋ የለም። «ዋጋ በውስጥ መስመር» ይላል። እሺ ብዬ በውስጥ መስመር ጠየቅሁ። «ሰላም ውድ ደንበኛችን፣ ስልክዎን ያስቀምጡልን።» አስቀመጥሁ። ቁጥሩ የአሜሪካ መሆኑ ሲታይ ሌላ ጥያቄ መጣ፦ «ለራስዎ ነው ወይስ ለስጦታ?» ከዚያ ዝም። ዋጋውን እስከ ዛሬ አልሰማሁም።

በርኖሱ ስለቀረብኝ ብቻ አይደለም የምጽፈው (ትንሽ እሱም አለበት)። ገጹን የሚያንቀሳቅሰው ልጅ በማርኬቲንግ የተመረቀ መሆኑን ስሰማ ነው የባሰብኝ። የነገረኝ አብሮት የተማረው የእህቴ ልጅ ነው። እሱ ደግሞ ደብረ ብርሃን ላይ ሥራ ሲፈልግ ይውላል፤ «ጋሼ፣ በሚያውቁት ሰው በኩል አንድ የማርኬቲንግ ማናጀርነት ቦታ ቢያፈላልጉልኝ» አለኝ። ማናጀር! ገና ከትምህርት ቤት ደጃፍ አልራቀም።

እኔ ቨርጂኒያ ውስጥ በዚሁ ሙያ እንጀራዬን እበላለሁ። የጀመርሁት ለደንበኞች የሚላክ ኢሜይል ርእስ በመጻፍ ነው። ለአንድ ኢሜይል ሁለት ርእስ ትጽፋለህ፤ ከአድራሻዎቹ ለጥቂቱ አንደኛውን፣ ለሌላው ጥቂት ሁለተኛውን ትልክና የበለጠ ያስገዛውን ለቀሪው ሁሉ ትለቃለህ። አለቃዬ «ርእስህ አማረ» ብላኝ አታውቅም። ስንት ሰው ከፈተው፣ ስንቱ ገዛ፣ ይኸው ነበር ጥያቄዋ። በመጀመሪያ ቅር ይለኝ ነበር፤ በኋላ ገባኝ። ከግርጌው ደግሞ «አትላኩልኝ» ማለት የሚቻልበት ቦታ መኖር አለበት፤ እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው የአሜሪካ ሕግ እምቢ ያለውን ሰው በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ ከዝርዝሩ አውጡ ይላል። አገር ቤት በገባሁ ቁጥር ስልኬ ላይ የሚዘንበውን የሎተሪና የሽልማት መልእክት ሳይ ይህ ሕግ ይናፍቀኛል።

እዚህም ቢሆን ገነት አይደለም። «ለጀማሪ» ተብሎ በወጣ ማስታወቂያ ላይ የሁለት ዓመት ልምድ ሲጠየቅ በዓይኔ አይቻለሁ። ልዩነቱ የጀማሪው ምላሽ ላይ ነው። የፈረንጅ ልጅ የሰፈሩን ፀጉር አስተካካይ ገጽ ይዞ ጥቂት ወራት ይሠራበትና ቀጣሪው ፊት «ስጀምር እዚህ ነበር፣ አሁን እዚህ ደረሰ» ብሎ ይዘረጋዋል። የእህቴ ልጅ የላከልኝ የሥራ ማመልከቻ ግን የተማራቸውን ኮርሶች በሙሉ ዘርዝሯል፤ «በቡድን መሥራት የምችል፣ ታታሪ» ይላል፤ ማይክሮሶፍት ዎርድም አለበት። የሸጠው አንድ ነገር የለበትም። ታታሪ ያልሆነ አመልካች አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ታዲያ ምን ልሽጥ ብሎ ጠየቀኝ። ደብረ ሲና ውረድ አልሁት። አውቶቡሱ የጣርማበርን ቁልቁለት ጨርሶ ሲቆም ሴቶቹ ቆሏቸውን ይዘው በመስኮቱ ሥር ይሰለፋሉ። አንዷ እፍኝ ቆሎ አውጥታ «እስቲ ቅመሱት» ትላለች፤ ከዚያ በኋላ ሳይገዙ መሄድ ያሳፍራል። ማንን መጥራት፣ ማንን መተው እንዳለባት በመስተዋቱ ውስጥ አይታ ትለያለች። ዋጋውንም ጮኽ ብላ ትናገራለች! ግን የሁሉም ቆሎ በአንድ ዓይነት ላስቲክ ነው፤ ስም የለው፣ ስልክ የለው። ደሴ ደርሶ የጣፈጠው መንገደኛ ዳግመኛ ማንን ይጠይቅ? የተመራቂው ሥራ እዚህ ላይ ነው የሚጀምረው። አንዷን አስፈቅደህ፣ ለጊዜው በነጻ፣ ስምና ስልክ ያለበት ወረቀት ላስቲኩ ላይ ለጥፍ፤ አንድ የቴሌግራም ገጽ ክፈትላት፤ ዋጋውን በጉልህ ጻፍ፤ በቴሌብር ይከፈላት። ከዚያ ደብተር ያዝ፤ ማን ደወለ፣ ከየት ደወለ፣ ጠይቆ የቀረው ስንት ነው፣ ለምን ቀረ።

«ለቆሎ ነው እንዴ ይህን ሁሉ ዓመት የተማርሁት?» አለኝ።

አዎ፣ ለቆሎ ነው። ለሸዋ ሮቢት ማሾ፣ ለምንጃር ጤፍ፣ ለመንዝ ባናም ነው። ጉግልና ሀብስፖት የሚባለው የማርኬቲንግ ሶፍትዌር ኩባንያ በነጻ የሚሰጡት ትምህርት አለ፣ ሰርተፍኬትም አለው፤ ይውሰደው፣ አልከለከልሁትም። ግን ሰርተፍኬት በሰርተፍኬት ላይ መደረብ አገር ቤት በሽታ ሆኗል። ይልቅ የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004ን አንብበሃል ወይ ብዬ ጠየቅሁት። አሳሳች ማስታወቂያን የሚከለክል የገዛ አገሩ ሕግ ነው። ስሙንም አልሰማም። «በኢትዮጵያ አንደኛ» ብሎ ከመለጠፉ በፊት ማስረጃው የት እንዳለ ይጠይቅ እንጂ።

ደመወዝን በሚመለከት አንድ ነገር ልጨምር፣ እናቱም ስለዚህ ደውላልኛለች። በነጻ ሥራ ማለቴ ዕድሜ ልክህን አገልግል ማለት አይደለም። ሁለት ወር ይበቃል፤ ይህንንም ገና ሲጀምር ለነጋዴዋ ይንገራት፣ አፍሮ ዝም አይበል። ከዚያ ደብተሩን ገልጦ በእሱ በኩል የመጣውን ሽያጭ ያሳያትና ከዚያው ላይ ድርሻ ይጠይቅ። እምቢ ካለችው ደብተሩ የእሱ ነው፤ አጠገቧ ለቆመችው ወስዶ ያሳይ።