ይድረስ ለክቡር የተቃጠለ ዘይት

ለ፡ ክቡር የተቃጠለ ዘይት
ባሉበት ጀሪካን

ጉዳዩ፡ ከጠመንጃ ላይ እጅዎን እንዲያነሱ ስለመጠየቅ

በቅድሚያ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እንዴት ከርመዋል? መቼም ሰው ሲያረጅ ፈላጊው ይቀንሳል፣ የእርስዎ ግን ተገላቢጦሽ ሆኗል። 5,000 ኪሎ ሜትር ከአይሱዙ ሞተር ጋር ተንገላተው፣ በካርተሩ ቀዳዳ ወደ አሮጌ ጀሪካን ሲወርዱ ጡረታ የወጡ መስሎን ነበር። ለካ ሥራ የጀመሩት ያኔ ነው።

ውለታዎን አልክድም። የአጥር ቋሚ ከመተከሉ በፊት እግሩ እርስዎን ተቀብቶ ምስጥ እንዲሸሸው ይደረጋል። ኮንክሪት እንዳይጣበቅበት የፎርምወርክ ጣውላም እርስዎን ይቀባል። የሚንጫጫ የግቢ በር ሲያጋጥም መጀመሪያ የሚጠራው የእርስዎ ስም ነው። እስከዚህ ድረስ ተስማምተናል። (ከቀቢው ቆዳ ጋር ግን አልተስማሙም። ደጋግሞ በባዶ እጅ የሚነካዎት ሰው ለቆዳ ካንሰር ሊጋለጥ ይችላል። ይህን ለሚቀቡት ልጆች የሚነግራቸው የለም።)

ቅሬታዬ የሚጀምረው ጠመንጃ ላይ ሲደርሱ ነው።

የሰፈራችን መጋዘን ጥበቃ፣ ጋሼ እንበላቸው፣ አንድ አሮጌ ቤልጅግ ጠመንጃ አላቸው። በዕድሜ ከእሳቸውም ሳይበልጥ አይቀርም። ቅዳሜ ቅዳሜ ይወለውሉታል። ፊት ለፊት ካለው ጋራዥ እርስዎን በሃይላንድ ያስመጣሉ፣ አሮጌ ካናቴራ ይነክራሉ፣ ከዚያ ከአፈሙዝ እስከ ሰደፍ ነው። ጠመንጃው ሲያልቅ ከባሕር የወጣ ይመስላል።

«ጋሼ፣ ይሄ ነገር ደግ ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ልጄ፣ አይሱዙን ከመተማ እዚህ ድረስ ያመጣ ዘይት አንዲት ጠመንጃ ታቅተዋለች?»

አፌን አስያዙኝ። ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን አይሱዙ ፊልትሮ (የዘይት ማጣሪያ) አለው። ጠመንጃ የለውም።

ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ በግልጽ እንነጋገር። አዲስ ሳሉ ውስጥዎ ቆሻሻ የሚያጥብ ኬሚካል አለ። ሥራዎ ጥላሸቱ ሞተሩ ላይ እንዳይረጋ ይዘው መዞር፣ ከዚያ ትልልቁን ለፊልትሮ ማስረከብ ነው። ጀሪካን ውስጥ ሲገቡ ያ ኬሚካል ተዳክሟል፣ ፊልትሮውም ቀርቷል። የሞተሩን ገመና ግን እንደተሸከሙ ነዎት፦ ጥላሸቱን፣ ያልተቃጠለውን ነዳጅ፣ ጠብታ ውሃውን፣ አሲዱን፣ እየተፋቀ የወጣውን የብረት ብናኝ። ይህን ሁሉ ይዘው ቤልጅግ ላይ ይተኛሉ። ዝገት እንዲከላከሉ ተቀጥረው አሲድና ውሃ ይዘው የሚገቡ ሠራተኛ፣ በየትኛው መሥሪያ ቤት ነው የሚቆየው?

ደግሞ ምስክር ያጠፋሉ። የጠመንጃ ንጽሕና የሚታወቀው በነጭ ጨርቅ ነው። በርሜሉ ውስጥ ገብቶ ነጭ ሆኖ ከወጣ ጸድቷል። እርስዎ ባሉበት ጨርቁ ሁልጊዜ ጥቁር ነው። የባሩዱ ይሁን የአይሱዙ ማን ይለያል? ጋሼ ግን ጥቁሩን ባዩ ቁጥር «አየህ፣ ቆሻሻውን እያወጣው ነው!» ይላሉ። ለራስዎ ጥቁረት ምስጋና ሲቀበሉ ትንሽ እንኳ አያፍሩም?

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን ስለ ጨው ነው። የድሮ ጥይት፣ በተለይ ከምሥራቅ አውሮፓ የመጣውና የጥንቱ የማውዘር ጥይት፣ አቀጣጣዩ ውስጥ ፖታሲየም ክሎሬት አለው። ሲተኮስ በርሜሉ ውስጥ ፖታሲየም ክሎራይድ ይቀራል። ይህ የገበታ ጨው ዘመድ ነው። እንደ ዘመዱም ከአየር እርጥበት ይስባል፣ ብረቱን ይበላል። እርስዎ ይመጡና ላዩ ላይ ይነጠፋሉ። ዘይት ደግሞ ጨው አያሟሟም፤ ወጥ የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። ላዩ እያብረቀረቀ ውስጡ ይዝጋል። ክረምቱ አልፎ ሲከፈት «ጥሩ ዘይት አልነበረም» ተብሎ እርስዎ በሌላ እርስዎ ይተካሉ።

የጨው መድኃኒቱ ውሃ ነው። የእንግሊዝ ወታደሮች በድሮ ጊዜ ከተኩስ በኋላ በርሜሉ ውስጥ የፈላ ውሃ ያወርዱ ነበር። ውሃው ጨውን ያሟሟል፣ ብረቱ ስለሚግል ቶሎ ይደርቃል፣ ከዚያ በጨርቅ አድርቆ ስስ ዘይት። ይህን ለጋሼ ስነግራቸው ቤልጅጉን ወደ ደረታቸው ሳብ አደረጉት።

«ብረትን በውሃ? አንተ ልጅ፣ ደህና ነህ?»

እርስዎን ከነናፍጣዎ መቀባት ምንም አይደለም፤ ውሃ ግን ጉድ ነው።

በጋ ላይ ደግሞ ሌላ ትርኢት አለ። የጥርና የየካቲት አቧራ እርስዎን ሲያገኝ ይጣበቃል። አቧራ፣ ዘይትና የብረት ብናኝ ሲደባለቁ መካኒኮች ቫልቭ ለመሞረድ የሚቀቡትን ሻካራ ቅባት ይሆናሉ። እሱ ብረት ለመፋቅ የተሠራ ነው። ጋሼ በገዛ እጃቸው፣ በነፃ፣ ጠመንጃቸውን እያስሞረዱ ነው።

«ቅባት ምን ያመጣል?» የሚል አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ1857 ሕንድ ውስጥ ለእንግሊዝ የሚያገለግሉ ወታደሮች፣ የአዲሱ የኤንፊልድ ጠመንጃ ጥይት ወረቀት የላምና የአሳማ ስብ ተቀብቷል የሚል ወሬ ደረሳቸው። ያን ወረቀት በጥርስ መቅደድ ነበረባቸው። ከዚያ የመጣውን አመፅ ታሪክ መዝግቦታል። ሌላም ብሶት ነበራቸው፣ እሺ። ክብሪቱ ግን ቅባት ነበር።

ብቻዎን ላልወቅስዎ። ዘመዶችዎም አሉበት። ደብሊው ዲ ፎርቲ (WD-40) የተባለው የሚረጭ ጣሳ እ.ኤ.አ. በ1953 ሳን ዲዬጎ ሲወለድ ሥራው ውሃ ማባረር ነበር። አትላስ የተባለውን ሚሳኤል ገላ ከዝገት ጠብቋል፣ ክብር ይግባው። ነገር ግን አብዛኛው ይተንና ስስ ነገር ብቻ ይቀራል። እርጥበት ለማባረርና የደረቀ ቆሻሻ ለማላቀቅ ጎበዝ ነው፣ ለመክረም ግን አልተቀጠረም። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት!

የኑግ ዘይትም አንዳንድ ቤት ቃታ ላይ ታይቷል። ኑግና ተልባ አየር ሲያገኛቸው ይደርቃሉ፣ ይጠነክራሉ። ተልባ እንጨት ላይ ይህን ሲያደርግ ሙያ ነው፤ የሰደፍ እንጨት በእሱ ሲያምር ኖሯል። ብረት ላይ ሲያደርገው ግን ሙጫ ነው።

ያልተቃጠለው ልጅዎን፣ አዲሱን የሞተር ዘይት፣ አልነካውም። አሜሪካ ውስጥ ብዙ ተኳሾች ይጠቀሙበታል፣ ሲቸግር ይሠራል፣ ሙቀትም ይችላል። እሱም ቢሆን ጠብታ ነው የሚፈለገው። የሚፋተገው ቦታ ላይ ብቻ፣ ከዚያ ተርፎ የሚታየው ይጠረጋል። በርሜል ውስጥ ዘይት ትቶ መተኮስ ደግሞ ከጥፋትም ጥፋት ነው፤ ግፊቱን ሊጨምር ይችላል። እሱን እንኳ ጋሼ ነፍሳቸውን ይማረውና ከተኮሱ ዘመን ሆኗቸዋል።

ይቅርታ፣ በሕይወት አሉ። ቃሉ አምልጦኝ ነው። እንደዚህ ዓይነት ነገር የሚያስወራኝ ጋሼ ከመወልወላቸው በፊት ጠመንጃው ጥይት ጎርሶ እንደሆነ ሲያዩ አይቼ ስለማላውቅ ነው። «ሲወለውል ባረቀበት» የሚባል ዜና ስንቴ ሰምተናል? ያኔም ዘይቱ አይከሰስም።

ስለዚህ ክቡርነትዎ ይህ ደብዳቤ ከደረስዎት ቀን ጀምሮ ቤልጅጉን ለቀው ወደ አጥር ቋሚው እንዲመለሱ እየጠየቅሁ፣ ርክክቡ በነጭ ጨርቅ እንዲፈጸም አሳስባለሁ።

ከሠላምታ ጋር

ግልባጭ፡
ለጋሼ፡ ለመረጃ ያህል። ውሃውን እኔ አፈላለሁ።
ለደብሊው ዲ ፎርቲ፡ የጣሳው ጀርባ ላይ የተጻፈውን እንዲያስነብብ።
ለኑግ ዘይት፡ ወጥ ቤት። ከቦታዎ እንዳይንቀሳቀሱ።