ሃምሳ ስም፣ አንድ ላፕቶፕ

ጥያቄ ሳይኖር የምርምር ቡድን ማቋቋም ቀላል ችሎታ እንዳይመስላችሁ። ጥያቄ ያለው ሰውማ የሚያግዘውን ይፈልጋል፤ ይሄ ምን ይደንቃል? የሚደንቀው መጀመሪያ ሃምሳ ሰው ሰብስቦ፣ ደርድሮ ፎቶ አስነስቶ፣ ከዚያ በኋላ «እንግዲህ ስለ አንጎል ምን እንጠይቅ?» ማለት ነው። በአንጎልና በግንዛቤ ሳይንስ ዙሪያ ያሉ ምሁራን በዚህ ጥበብ የሚስተካከላቸው የለም። ዛሬ ላመሰግናቸው ነው የተነሳሁት። ሰው በሕይወት ሳለ ነው የሚመሰገነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከግራንት፣ ማለትም ከምርምር ገንዘብ ጥሪ ነው። «ሁለገብ ይሁን፣ ከአምስት ዩኒቨርሲቲ አይነስ» ይላል ጥሪው። ማስገቢያው ቀን ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ስልኩ ይጦፋል።

«ፕሮፍ፣ እንዴት ከረሙ? ስምዎን ላስገባ?»
«ስለ ምንድን ነው?»
«ስለ አንጎል።»
«አስገባው።»

አበቃ። ምሁራን አይስማሙም የሚለው ሐሜት ከየት እንደመጣ አላውቅም።

የሰው ምርጫውም በዘፈቀደ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1978 ለስሎን ፋውንዴሽን የተዘጋጀ አንድ ሪፖርት የግንዛቤ ሳይንስን ባለ ስድስት ማዕዘን አድርጎ ሥሎት ነበር (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶችም የፈረንጆቹ ናቸው)። በማዕዘኖቹ ላይ ፍልስፍና፣ ሥነ ልቦና፣ ሥነ ልሳን፣ ኮምፒውተር ሳይንስ፣ አንትሮፖሎጂና ነርቭ ሳይንስ ተቀመጡ። ማዕዘኖቹን የሚያገናኙ መስመሮችም ተሰመሩ። ሥራው ያለው መስመሮቹ ላይ ነበር። የዛሬዎቹ አዘጋጆች ግን ማዕዘኖቹን ወስደው መስመሮቹን ተዉአቸው። ከየማዕዘኑ አንድ አንድ ስም ይለቀማል። ፈላስፋው ለፕሮፖዛሉ መግቢያ የሚያምሩ ሁለት ዐረፍተ ነገሮች ይጽፋል፤ ገንዘቡ ከተለቀቀ በኋላ የሚፈልገው የለም። አንትሮፖሎጂስቷ «የባህል ገጽታ» በሚል ንዑስ ርዕስ ሥር ግማሽ ገጽ ትመደብላታለች። አባል መሆኗን የምታውቀው የእንኳን ደስ ያለሽ ኢሜይል ሲደርሳት ነው።

ስም ማውጣቱ ደግሞ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ምሕጻረ ቃሉ ቀድሞ ይመረጣል፤ የሚገጥሙለት ቃላት በኋላ ይፈለጋሉ። ሎጎው ግማሹ አንጎል፣ ግማሹ የኤሌክትሪክ ሽቦ ነው። ከዚህ የተለየ ሎጎ ያለው ቡድን ያየ ካለ ይጠቁመኝ።

ከዚያ ወርኃዊው ስብሰባ አለ። የመጀመሪያው ሩብ ሰዓት «ይሰማል?» «ማይክዎ ተዘግቷል» ሲባባል ያልፋል። የመጨረሻው ሩብ ሰዓት የሚቀጥለውን ስብሰባ ቀን ለመፈለግ ነው። መሐል ላይ ንዑስ ኮሚቴ ይቋቋማል። በስብሰባው ላይ ከሁሉም በላይ የሚከበረው ኤምአርአይ የሚባለው የአንጎል ምስል ማንሻ ማሽን ያለው አባል ነው። የማሽኑ ማግኔት ጉልበት 3 ቴስላ ነው፤ ባለቤቱ ሲናገር ግን 7 ይሆናል። እሱ «የስካነሩ ሰዓት ጠባብ ነው» ካለ ፈላስፋው ሳይቀር ራሱን ይነቀንቃል።

የስካነሩ ሰዓት በእርግጥም ጠባብ ነው። ለዚህ ነው ለተማሪዋ የማታው ሰዓት የሚሰጣት። ሁሉም የሚያወራለትን ጥናት የምትሠራው እሷ ናት፤ የፒኤችዲ ተማሪ። በጎ ፈቃደኛው ሲመጣ ቀበቶውን፣ ሰዓቱን፣ የኪሱን ሳንቲም ሳይቀር ታስወልቀዋለች። የልብ ማነቃቂያ መሣሪያ ወይም በአካሉ የገባ ብረት እንዳለው ደግማ ትጠይቃለች። የጆሮ መሰኪያ ታደርግለታለች፣ ጭንቅላቱን በስፖንጅ ግራና ቀኝ ታስደግፋለች፣ «እባክዎ አይንቀሳቀሱ» ትላለች። ሰውዬው ያስነጥሳል። ጥቂት ሚሊ ሜትር መንቀሳቀስ ምስሉን ለማበላሸት ስለሚበቃ፣ አንዱ ዙር ከንቱ ሆነ። እንደገና። ሲያልቅ ፋይሉን ወደ ላፕቶፗ ትገለብጣለች። የጋራው ፎልደር ሞልቷል። የሞላው በስብሰባ ፎቶ ነው።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። ቡድኑ ተረቱን አሻሽሎታል። ሃምሳውም ሎሚ ለተማሪዋ፣ ጌጡ ለሃምሳው።

ይሄን ጉዳይ ሳይንሱ አያውቀውም እንዳትሉ። ፈረንሳዊው የእርሻ መሐንዲስ ማክስ ሪንግልማን በ1913 ባሳተመው ጥናት፣ ገመድ የሚጎትቱ ሰዎች ቁጥር በጨመረ መጠን የእያንዳንዱ ድርሻ እየቀነሰ እንደሚሄድ አሳይቷል። የቡድኑ የሥነ ልቦና ባለሙያ ይሄን ትምህርት በየዓመቱ ለተማሪዎቹ ያስተምራል። ጎበዝ መምህር ነው። በዙም ስብሰባው ላይ ካሜራው ሁልጊዜ የሚጠፋው የእሱ ነው። የሚያስተምረውን በተግባር የሚያሳይ መምህር ስንት ይገኛል?

አሁን ወደ ዳታው ልምጣ። እዚህ ላይ ምስጋናዬ ይበዛል።

የአንጎል ላቦራቶሪዎች ለምን መተባበር እንዳለባቸው የሚነገረው ምክንያት አሰልቺ ነው። በ2013 የታተመ አንድ ታዋቂ ትንተና፣ በነርቭ ሳይንስ ጥናቶች ውስጥ ያለው የስታቲስቲክስ አቅም መካከለኛ ዋጋው 21 በመቶ ገደማ እንደሆነ ገምቷል። በቀላሉ ሲነገር፣ የሚፈለገው ነገር በእርግጥ ቢኖር እንኳ ከአምስት ጥናት የሚያገኘው አንዱ ነው። ምክንያቱ የተሳታፊ ማነስ ነው። ስለዚህ አምስት ላብ (ላቦራቶሪ ማለቴ ነው) እያንዳንዱ 20 ሰው ቢመዘግብና ቢደመር 100 ይሆናል፤ ይሄ ነው የትብብር ሒሳቡ። የምናመሰግነው ቡድን ግን የተሻለ ሒሳብ አለው። 20 እና 20 እና 20 እና 20 እና 20፣ አምስት ጽሑፍ። መደመር ምን ያደርጋል?

ደግሞ ልደምር ቢሉስ ይሆናል? ተማሪዋ አንድ ቀን ሞክራው ነበር። የሦስት ላቦችን ሰንጠረዥ ጎን ለጎን ከፈተች። «እጅ» የሚል አምድ አለ። በአንደኛው ላብ 1 ማለት ቀኝ እጁን የሚጠቀም ነው። በሁለተኛው ላብ 1 ማለት ግራ እጁን የሚጠቀም ነው። ዕድሜ በአንዱ በዓመት ተጽፏል፣ በሌላው የትውልድ ቀን ነው። በሦስተኛው ላብ «ዕድሜ» የሚለው አምድ ውስጥ «ወጣት» ተብሎ ተጽፏል። የአንጎል ምስል ፋይሎችን አንድ ዓይነት አድርጎ ለመሰየምና ለማስቀመጥ ከ2016 ጀምሮ ቢድስ የሚባል የጋራ ስታንዳርድ አለ፤ በነጻ ነው። ግን ስታንዳርድ መከተል የላብን ማንነት ያጠፋል። 1 ቀኝ ነው ብሎ ዕድሜውን ሙሉ የኖረን ፕሮፌሰር በአንድ ጀምበር ግራ ነው ማለት ነውር ነው።

ዳታ ማስተዳደር ላይ ብቻ የሚሠራ ሰው ይቀጠር የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር መሰለኝ። በጀቱ አልፈቀደም። የመክፈቻ ጉባኤው ብዙ ወጪ ነበረበት።

የደራሲዎች ተራ ሲደርስ ግን ቡድኑ ይነቃል። ካሜራዎች ሁሉ ይበራሉ። በዚህ ነገር ፊዚክሶች ቀድመውናል፤ በ2015 ሂግስ ቦዞን የሚባለውን ቅንጣት ክብደት ያወጁበት ጽሑፍ 5,154 ደራሲዎች ነበሩት፣ ከ33 ገጾቹ 24ቱ የስምና የተቋም ዝርዝር ነበሩ። የእነሱ ቡድን ማሽኑንም አብሮ ሠርቷል፣ አብሮም አንቀሳቅሷል፤ ይሄን ዝርዝር ነገር እንለፈው። የእኛዎቹ ዝርዝሩን ብቻ ነው የወደዱት። ማን ምን እንደሠራ የሚገለጽበት ክሬዲት የሚባል አሠራር ደግሞ 14 የሥራ ዓይነቶችን ይዘረዝራል። ሐሳብ ማመንጨት አለ፣ ሶፍትዌር አለ፣ ዳታ ማደራጀት አለ፣ ረቂቅ መጻፍ አለ፣ መቆጣጠር አለ። ቅጹ ሲሞላ አርባ ዘጠኙ አባላት «መቆጣጠር» ላይ ምልክት አደረጉ። የተቆጣጠሯት ተማሪ የቀሩትን ሞላች። አርባ ዘጠኝ ተቆጣጣሪ ያለው ሥራ ደግሞ ስህተት አይገኝበትም።

በዚህ ሁሉ መሐል ሙያውን የሚያሰድቡ ቡድኖችም አሉ። ስማቸውን ልጥራ፣ ይፈሩ።

በ2015፣ 270 ደራሲዎች ያሉት አንድ ትብብር 100 የሥነ ልቦና ጥናቶችን ደግሞ ሠራ። እንደ መጀመሪያው ጉልህ ውጤት የሰጠው 36 በመቶው ብቻ ነበር። ይሄን ሁሉ ሰው ሰብስቦ የወንድምን ሥራ መፈተሽ ምን የሚሉት ጠባይ ነው? በ2020 ደግሞ 70 ቡድኖች አንድ ዓይነት የአንጎል ምስል ዳታ ተሰጥቷቸው፣ አንድ ዓይነት ዘጠኝ መላ ምቶች እንዲፈትሹ ተጠየቁ። ሁለት ቡድን እንኳ በአንድ መንገድ አልሄደም፤ ድምዳሜያቸውም ተለያየ። ገመናቸውን ይዘው ዝም እንደማለት አሳተሙት!

ኢንተርናሽናል ብሬይን ላቦራቶሪ የሚባሉት ደግሞ ይብሳሉ። ሰባት ላቦች አንድ ዓይነት ዕቃ፣ አንድ ዓይነት ኮድ፣ አንድ ዓይነት አሠራር ይዘው 140 አይጦችን አንድ ዓይነት ተግባር አስተማሩ። በ2021 ውጤቱን ሲያወጡ ዳታውንም ለማንም ክፍት አደረጉት። አይጦቹ ተግባሩን ከተማሩ በኋላ ከላብ ላብ ተመሳሳይ ባሕርይ አሳዩ። አይጥ እንኳ ተስማማ። ግን ምን ክብር አለው? የማን ላብ እንደሆነ የማይለይ ውጤት!

ከሁሉ የከፋው የንቃተ ኅሊና ሰዎች ያደረጉት ነው። ሁለት ተፎካካሪ ንድፈ ሐሳቦች አሉ። የሁለቱም ደጋፊዎች አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው፣ ሙከራው ሳይጀመር፣ ምን ዓይነት ውጤት ቢመጣ ሐሳባቸው እንደሚጎዳ በጽሑፍ ተስማሙ። ሙከራውንም ከሁለቱም ወገን ላልሆኑ ላቦች ሰጡ። 256 ሰዎች ተመረመሩ። በ2025 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣው ውጤት የሁለቱንም ንድፈ ሐሳቦች ቁልፍ ሐሳብ የሚፈትን ሆኖ ተገኘ። የመጀመሪያው ውጤት በ2023 ኒውዮርክ ላይ ሲነገር፣ የነርቭ ሳይንቲስቱ ክሪስቶፍ ኮክ «አንጎል ንቃተ ኅሊናን እንዴት እንደሚፈጥር በ25 ዓመት ውስጥ ይታወቃል» ብሎ በ1998 ከፈላስፋው ዴቪድ ቻልመርስ ጋር የገባውን ውርርድ መሸነፉን በአደባባይ አምኖ ወይን አስረከበ። የነርቭ ሳይንቲስት ተሸነፍኩ ይላል? ለዚያውም ለፈላስፋ! በኛ ቡድን ቢሆን ፈላስፋው ገና ድሮ ከኢሜይል ዝርዝሩ ወጥቶ ነበር፤ የሚወራረድም የሚያሸንፍም አይኖርም።

ትልቁን ምሳሌ ደግሞ አውሮፓ ሰጥቶናል። በ2013 የተጀመረው የሰው አንጎል ፕሮጀክት አሥር ዓመትና አንድ ቢሊዮን ዩሮ ገደማ ታስቦለት ነበር። በ2014 የግንዛቤ ሳይንስ ክፍሉን ከዋናው ዕቅድ አወጡት። በመቶዎች የሚቆጠሩ ተመራማሪዎች የተቃውሞ ደብዳቤ ፈረሙ። አስታራቂ ተሰየመ፣ የአመራሩ አወቃቀርም ተቀየረ። ፕሮጀክቱ በ2023 እስኪያበቃ ድረስ የአንጎል አትላሶች (ካርታዎች) እና ለሌሎች የሚጠቅሙ መሣሪያዎች ሠርቷል፤ ግን የተጋጨ ቡድን ምን ይባላል? እኛ የምናመሰግናቸው ተጋጭተው አያውቁም። ለመጋጨት አንዱ የሌላውን ሥራ ማንበብ ይኖርበታል።

ቡድን ለማቋቋም የምታስቡ ካላችሁ ከእነሱ ተማሩ። ዳታው የማን እንደሆነ አስቀድማችሁ አትጻፉ። የደራሲዎችን ቅደም ተከተልም አትነጋገሩ፤ በመጨረሻው ሳምንት በስልክ ይሻላል። ኮድ የሚጽፈውን ሰው «ቴክኒሻን» በሉትና ከዝርዝሩ አውጡት። ሐሳቤ ስህተት የሚሆነው መቼ ነው የሚል አባል ከተገኘ፣ ንዑስ ኮሚቴ ስጡት።

ተማሪዋ በቅርቡ ትመረቃለች። ሌላ አገር ሥራ አግኝታለች። ላፕቶፑ የግሏ ነው። ዳታው የት እንዳለ የጠየቀ የለም፤ የመጀመሪያው ምዕራፍ ማጠቃለያ ሪፖርት ላይ «ተሰብስቧል» ተብሎ ተጽፏል፣ እውነትም ነው። በግምገማው ስብሰባ ላይ የአምስቱ ላቦች ዳታ ለምን እንዳልተዋሐደ ለረጅም ሰዓት ተመከረ። ሁለት ንዑስ ኮሚቴዎች አጠኑት። ምክንያቱም ተገኘ፤ የሰው እጥረት ነው። ስለዚህ በሁለተኛው ምዕራፍ ስድስት ዩኒቨርሲቲዎች ይጨመራሉ። ተማሪ ግን ለጊዜው አንድ ይበቃል ተብሏል።