ቀስቷን አትፋቋት

አሮጌ የባሕር ኃይል ሰዓቶች ጨረታ ላይ ሲቀርቡ ብዙ ጊዜ እንደ ጌጥ ነው። ሻጩ ጀርባቸውን ወልውሎ ወልውሎ ጽሑፉን ያደበዝዘዋል። ይህ ከልብ ያሳዝነኛል። ዴክ ዋች የሚባለው ሰዓት የባሕር ካርታ የተሠራበት መሣሪያ ነው።

ምድር በአራት ደቂቃ አንድ ዲግሪ ትዞራለች። ስለዚህ ያሉበትን ኬንትሮስ ለማወቅ፣ በፀሐይ ከለኩት የአካባቢው ሰዓት ጋር የሚያነጻጽሩትን የእንግሊዙን የግሪንዊች ሰዓት በትክክል መያዝ ያስፈልግ ነበር። የአንድ ሰከንድ ስሕተት ምድር ወገብ ላይ 460 ሜትር ያህል ያስታል። በጨለማ የምትጓዝ መርከብን ከዐለት ጋር ለማላተም ይበቃል።

የግሪንዊችን ሰዓት በመርከብ ላይ የሚጠብቀው ትልቁና ትክክለኛው ሰዓት፣ ክሮኖሜትር፣ ግን መነቅነቅ ስለማይወድ ከሳጥኑ አይወጣም። የሚወጣው ትንሹ ዴክ ዋች ነው። ቀያሹ መጀመሪያ ሁለቱን አስተያይቶ ልዩነታቸውን ይጽፋል። ከዚያ ትንሹን ይዞ በጀልባ የብስ ይወርዳል። ሜርኩሪ እንደ መስታወት እንዲያገለግለው ገበታ ላይ አፍስሶ፣ ፀሐይንና በሜርኩሪው ላይ ያረፈውን ምስሏን ሴክስታንት በሚባለው የማዕዘን መለኪያ ያያል። ሁለቱ ልክ ሲነካኩ ድምፅ ያሰማል፤ ረዳቱ ሰከንዱን ይመዘግባል። መርከብ ላይ ሲመለሱ ሰዓቶቹ እንደገና ይተያያሉ። ሰዓቱ በቀን ሁለት ሰከንድ ወደ ኋላ ቢቀር ግድ የለም። ዛሬም ነገም ያው ሁለት ሰከንድ ይሁን እንጂ፣ በስሌት ይታረማል።

ካፒቴን ሮበርት ፊትዝሮይ እ.ኤ.አ. በ1831 የተፈጥሮ ተመራማሪውን ዳርዊንን ባሳፈረችው የቅየሳ መርከብ ቢግል ሲነሳ 22 ክሮኖሜትሮች ይዞ ነበር። የሚንከባከባቸውን ባለሙያ ጆርጅ ስቴቢንግን የወሰደው በራሱ ወጪ ነው። ዓለምን ዞረው በ1836 ሲመለሱ፣ በየወደቡ የለኩት የሰዓት ልዩነት ተደምሮ 24 ሰዓት መምጣት ሲገባው በ33 ሰከንድ ያህል በለጠ። ፊትዝሮይ ይህን ሳይደብቅ አሳተመው። እኔ ከሥራው ሁሉ አብልጬ የማከብርለት ይህን ነው።

በኋላ ዘመን የእንግሊዝ ዴክ ዋቾች ጀርባ ላይ የመንግሥት ንብረትነትን የምታሳይ ቀስት፣ «ኤች ኤስ» የሚሉ የሃይድሮግራፊ (የባሕር ቅየሳ) አገልግሎት ፊደላትና ቁጥር ይቀረጹ ነበር። የግሪንዊች ኦብዘርቫቶሪ፣ ማለትም የሥነ ፈለክ ማዕከሉ፣ የትኛው ሰዓት ለየትኛው መርከብ እንደተሰጠ ይመዘግብ ነበር። ቁጥሩ ከተፋቀ ያ ሰዓት የትኛውን ባሕር እንዳስለካ ማወቂያው ጠፋ ማለት ነው። ስለዚህ ገዢዎች ሆይ፣ ከማብለጭለጩ በፊት ቁጥሩን ጠይቁ። ሳጥኑንና ወረቀቱንም ከሰዓቱ አትነጥሉ። ሙዚየሞችም ሰዓቱን ብቻውን መስታወት ውስጥ ከሚያስቀምጡት፣ አብሮት ከተሠራው ካርታ ጎን ያሳዩት።