ለክቡር አቶ ቤንዚን፣ ባሉበት

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከእርስዎ ናፍቆት በስተቀር ደህና ነኝ። ናፍቆቱ ግን ጠንቶብኛል። ይህን የምጽፍልዎ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ጀምሮ እርስዎን ፍለጋ ከተሰለፍኩበት፣ መሪውን ጠረጴዛ አድርጌ ነው።

“አንተ” ሲለኝ የኖረ ሰው ምነው ዛሬ አንቱ አለኝ ብለው እንዳይገረሙ። በ2014 ግንቦት አዲስ አበባ ውስጥ በሊትር 36 ብር ከ87 ሳንቲም ሳሉ እኩያዬ ነበሩ። ሰኔ መጨረሻ ላይ 47 ብር ከ83 ሲገቡ አክብሮት ቢጤ ጀማመረኝ። በ2017 የገና ሰሞን 101 ብር ከ47 ሲደርሱ ግን ከመቀመጫዬ ብድግ አልኩ። በመቶ ብር ኖት አንድ ሊትራቸው የማይገኝ ትልቅ ሰው “አንተ” አይባሉም፤ አስተዳደጌ አይፈቅድልኝም። ከዚያም ወዲህ ይበልጥ ከፍ ብለዋል።

መኪናዬን ያውቋታል፣ ቶዮታ ዲኤክስ ናት። በዕድሜ ትበልጠኛለች። የሹፌሩ በር ከውስጥ እምቢ ስላለ መስኮቱን አውርጄ፣ እጄን ወደ ውጭ አሹልኬ ነው የምከፍተው። እሷን ይዤ ስመጣ የታለመው የነዳጅ ድጎማ አላወቀኝም። ድጎማው ለታክሲና ለአውቶቡስ ነበር፤ እኔ “የቤት መኪና” ነኝ። ሀብታም ማለት ነው። ዕድራችንም ይህንኑ ሰምቶ ይመስለኛል፣ መዋጮ በመጣ ቁጥር “ባለመኪናው ይጨምር” ይባላል።

ድሮ ማደያ ስገባ “ፉል አድርገው!” እል ነበር፣ ድምፄን ሞላ አድርጌ። ፉል አሁን የቁርስ ስም ብቻ ነው። ባለፈው ሳምንት “የ500 ብር” ስል ከኋላዬ ያለው እንዳይሰማ ወደ ቀጂው ጆሮ ጠጋ ብዬ ነው። ቱቦውን ከማስገባቱ መለሰው። ጌጇ ንቅንቅ አላለችም፤ ሽታዎ ግን ቤት ድረስ ተከትሎኝ ገባ። ባለቤቴ አሸተተችኝና “ደግሞ እዚያ ሄደህ ጨረስከው?” አለችኝ፣ ጠጥቶ የመጣ ባል እንደሚባለው።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅዎ፦ ለምንድን ነው ሌሊት ሌሊት የሚያድጉት? ማታ “ቤንዚን አልቋል” ብሎ ገመድ የዘረጋ ማደያ፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ አዲስ ዋጋ ወጣ ሲባል ጠዋት ጢም ብሎ ሞልቶ ይገኛል። ሌሊት ዘንቦ ነው መሰለኝ።

ሲጠየቁ “የዓለም ገበያ ነው” ይላሉ። ሐምሌ 2016 ብር በገበያ ይተመን ከተባለ ወዲህ ደግሞ ዶላርን ጨምረውበታል። ይሁን፣ አገር ውስጥ አይመረቱም፣ ከጅቡቲ በቦቴ የሚመጡ እንግዳ ነዎት። ግን የጨመረው ዋጋ ቦቴውን ቀድሞ ሲደርስ፣ የቀነሰው ወሬ ለምን ድንበሩ ላይ፣ ጋላፊ ኬላ ይቆማል? ቀረጥ ተጠይቆ ነው?

ይቅርታዎን፣ ፊት ያለው መኪና ተንቀሳቀሰ። ሞተር አላስነሳም፤ ያለችኝ ጠብታ ለመመለሻ ናት። በመስኮት እጄን አውጥቼ በሩን ልክፈትና ወርጄ ልግፋ።

አክባሪዎ፣
ባለ ዲኤክሱ