ፓናማ በሦስት ሳምንት?

ፍሎሪዳ የሚኖሩ ሁለት የማውቃቸው ሰዎች ሰሞኑን በአንድ የጀልባ ጉዞ ሲከራከሩ ከረሙ። አንዱ ከጓደኞቹ ጋር ገንዘብ አዋጥቶ የሸራ ጀልባ የገዛ ወጣት ነው። ሌላው ጉልምስናቸውን በኢትዮጵያ የንግድ መርከብ ላይ የጨረሱ አዛውንት ናቸው።

የልጁ ዕቅድ አጭር ነው። ኖቬምበር መጀመሪያ ከኪ ዌስት ይነሳል። በሜክሲኮዋ ኢስላ ሙሄሬስ፣ በቤሊዝ፣ በሆንዱራሷ ሮአታንና በኮሎምቢያዋ ፕሮቪደንሲያ አልፎ ፓናማ፣ ቦካስ ዴል ቶሮ ይገባል። በሦስት ሳምንት። ለምን ሦስት ሳምንት? "ከሥራ የተሰጠኝ ፈቃድ ይኸው ነው ጋሼ።" ሌላ ምክንያት አላቀረበም።

አዛውንቱ ቡናቸውን አስቀመጡና "ልጄ፣ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" አሉት።

"የአውሎ ነፋሱ ወቅት እኮ አልፏል።"

"የት አለፈ? ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ነው። በምዕራቡ ካሪቢያን ደግሞ መጨረሻው ላይ ይብሳል።"

ከዚያ የፋንቶምን ታሪክ አነሱለት። ባለአራት ምሰሶ ትልቅ የሸራ መርከብ ነበረች። ኦክቶበር 1998 ሚች የተባለው ሃሪኬን ሲመጣ ካፒቴኑ መንገደኞቹን ቤሊዝ ላይ አውርዶ ሮአታንን ሊከለል ሸሸ። አውሎ ነፋሱ ወደ ሰሜን ይታጠፋል ተብሎ ሲጠበቅ ወደ ደቡብ ወረደ። 31 መርከበኞች ከነመርከባቸው ቀሩ። ኖቬምበር 2020 ደግሞ ኤታና አዮታ የተባሉ ሃሪኬኖች በሁለት ሳምንት ልዩነት ኒካራጓን እዚያው አካባቢ መቱ። አዮታ በመንገዷ ላይ ፕሮቪደንሲያን አፈራርሳ ነው ያለፈችው። ልጁ ሊያድርባት ያሰባትን ደሴት ማለት ነው።

"አሁን ሳተላይት አለ ጋሼ። ሁሉም ስልኬ ላይ ይታያል።"

"ሳተላይት በ1998ም ነበር።"

እዚህ ላይ ክርክሩ ያለቀ መሰለኝ። ልጁ ግን ስልኩን ከፍቶ ከሮአታን ፕሮቪደንሲያ አጭሩን የባሕር መስመር አሰመረ። መስመሩ የሆንዱራስንና የኒካራጓን ድንበር ጫፍ፣ ግራሲያስ አ ዲዮስን ታክኮ ነው የሚያልፈው። አዛውንቱ ራሳቸውን ነቀነቁ። ነፋሱም ጅረቱም ከፊት ነው። ኮሎምበስ በ1502 እዚያ ለመድረስ አንድ ወር ያህል ታግሏል። ባሕሩ ከዳርቻው ርቆ ሁሉ ጥልቀት የለውም፤ ማዕበሉ እዚያ ቀጥ ብሎ ይነሳል። መሣሪያ የያዙ ሰዎች በዓሣ አስጋሪ ጀልባ መጥተው የዘረፏቸው ተጓዦችም አሉ። ስለዚህ የሚያውቁት ሰፊ ዙር ይወጣሉ፤ ሁለት ሦስት ጀልባ ሆነው ይሄዳሉ፤ ያሉበትን ቦታ በሬዲዮ አይናገሩም። ልጁ ቀኑንና መንገዱን ፌስቡክ ላይ ለጥፎት ነበር! "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" አሉ ደግመው፤ አሁን ግን በቁጣ።

የእሳቸው መንገድ ወራት ይወስዳል። ከዲሴምበር በኋላ ይነሳል። በሜክሲኮና በኩባ መሃል ባለው የዩካታን ሰርጥ ጅረቱ ወደ ሰሜን ይሮጣል፤ ነፋስ ከሰሜን ከመጣበት ማዕበሉ ግድግዳ ይሆናል፤ ስለዚህ ሰሜኑ ነፋስ እስኪያልፍ ይጠበቃል። ቤሊዝ ላይ ኮራል በሚባሉት የባሕር ውስጥ ዐለቶች መሃል የሚገባው ፀሐይ ከፍ ብላ ከኋላ ስትሆን ብቻ ነው። አንድ ሰው ጀልባው አፍንጫ ላይ ቆሞ የውሃውን ቀለም ያነባል። ጥቁር ሰማያዊው ጥልቅ ነው፤ ነጣ ያለው አረንጓዴ አሸዋ ነው፤ ቡናማው ኮራል ነው። ደመና ካለ አይገባም፤ መልሕቅ ጥሎ ይጠበቃል። ሮአታን ላይ ደግሞ ነፋሱ እስኪለዝብ፣ እስከ ኤፕሪል ወይም ሜይ ይቆያል። ከዚያ በሰፊው ዙር ወደ ፕሮቪደንሲያ፤ ጁን ሳይገባ ፓናማ። እዚያ ሃሪኬን እምብዛም አይደርስም።

ልጁ "ይኼ ለጡረተኛ ነው" አለ። መልሱ ይኸው ነበር።

እኔ ከአዛውንቱ ጋር ነኝ። ፈቃድህ ሦስት ሳምንት ከሆነ በየዓመቱ አንድ ቁራጭ ሂድ፤ ጀልባህን ጓቴማላ፣ ሪዮ ዱልሴ ወንዝ ውስጥ አቆይተህ ተመለስ። ብዙዎች የአውሎ ነፋሱን ወቅት እዚያ ነው የሚያሳልፉት። የዛሬ ሰው ግን እንዲህ አይሄድም። ቤቱ ሳያልቅ ምርቃቱ ይለጠፋል። ሠርጉ በሁለት ወር ይደገሳል፤ ዕዳው አምስት ዓመት ይከፈላል። ስልክ የያዘ ሁሉ አዋቂ ሆኗል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሲባል ሰምቶ ያደገ ትውልድ ነው ይህን የሚያደርገው።

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ደግሞ እንዲህ ያሉትን ሰዎች መርሳታችን ነው። ወደባችንን ካጣን ወዲህ መርከበኛ እንደነበረንም ትዝ አይለንም። እነዚህ ሰዎች ዓለምን በባሕር ዞረው ዛሬ ከእኛው ጋር በየከተማው ይኖራሉ። በየማኅበሩ የምንጠራቸው ለምርቃትና ለሽምግልና ነው፤ ከጎናቸው ተቀምጦ ስለ ሥራቸው የሚጠይቃቸው ወጣት ግን እስካሁን አላየሁም።