«ሊሆን ይችላል» ስለሚለው አገላለጽ የተሰጠ ማስተካከያ

የበይነ መንግሥታት የአየር ንብረት ለውጥ ፓነል በሪፖርቶቹ ውስጥ በተለያየ ደረጃ ያስቀመጣቸውን ግምቶች፣ ቀደም ሲል ባቀረብነው ማብራሪያ ሁሉንም «ሊሆን ይችላል» በሚል አንድ ሐረግ ተርጉመናቸው ነበር። ይህ ስህተት ነው፤ የተዛባውም የአጻጻፉ ውበት ሳይሆን ፍሬ ነገሩ ነው።

ፓነሉ እነዚህን ቃላት የሚጠቀመው በቁጥር ወስኖ ነው፦ የመከሰት ዕድሉ ከ66 እስከ 100 በመቶ ለሆነ ነገር አንድ ቃል፣ ከ90 እስከ 100 በመቶ ለሆነው ጠንከር ያለ ቃል፣ ከ99 እስከ 100 በመቶ ለሆነው ደግሞ ወደ እርግጠኝነት የተጠጋ ቃል መድቧል። የእኛ «ሊሆን ይችላል» ግን ከመቶ አምስት ዕድል ላለውም ከመቶ ዘጠና ዕድል ላለውም ነገር ስለሚነገር፣ እርግጠኛ ለመባል ጥቂት የቀረውን ግኝት አንባቢው እንደ ተራ መላ ምት እንዲቆጥረው አድርገናል፤ ለዚህም ይቅርታ እንጠይቃለን።

እንዲህ ያለው መድበስበስ ባለሙያዎችንም ያሳስታል። እ.ኤ.አ. በ1951 የአሜሪካ የስለላ ተንታኞች በዩጎዝላቪያ ላይ ጥቃት ሊፈጸም የሚችልበት «ብርቱ ዕድል» አለ ብለው በአንድ ድምፅ ጻፉ፤ ከእነርሱ ጋር ይሠራ የነበረው የስለላ ግምገማ ባለሙያ ሸርማን ኬንት ኋላ ሲጠይቃቸው ግን እያንዳንዳቸው በልባቸው የያዙት ግምት ከ20 እስከ 80 በመቶ የተራራቀ ሆኖ ተገኘ።

በመሆኑም የመጀመሪያው ደረጃ «የመሆን ዕድሉ ያመዝናል»፣ ሁለተኛው «የመሆን ዕድሉ እጅግ ከፍተኛ ነው»፣ ሦስተኛው «እርግጥ ነው ለማለት ይቻላል» ተብሎ እንዲነበብ፣ በእያንዳንዱም ፊት የመቶኛው ቁጥር እንዲገባ ጽሑፉ ተስተካክሏል።